የክሪስታል ፓላስ ማማ እያየሁት አይቲቪ አልያዝ አለኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን፣ ፔካም ነው። 219 ሜትር የሚረዝመው የክሪስታል ፓላስ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ማማ ከመስኮቴ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፍሪቪው (በአንቴና የሚያዘው ነፃ ዲጂታል ቴሌቪዥን) ግን አስቸገረኝ። ቢቢሲ ዋን በስርጭት ቻናል 23 (የሪሞት ቁጥር ሳይሆን ማማው የሚያሰራጭበት ሞገድ) ጥርት ብሎ ይመጣል። አይቲቪ ያለበት 26 ላይ ስደርስ ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ቀጥ! የሲግናል ጥንካሬው 100 በመቶ ይላል፤ ጥራቱ ግን ይወርዳል፣ ይወጣል።

አንቴናው ኮርኒስ ውስጥ ነው፤ ዘንጎቹን አግድም አድርጌያለሁ። ባለፈው ወር የሲግናል ማጉያ ገዝቼ ገጠምኩ (ባለቤቴ «ገንዘብ አቃጠልክ» ብላኛለች)። ቻናሎቹንም ሦስቴ እንደ አዲስ አስፈልጌያለሁ።

ማማው እንዲህ ቅርብ ሆኖ ማጉያው ሲግናሉን ከልክ በላይ እያበዛው ይሆን? ነቅዬ ልሞክር? ወይስ ኬብሉን ልቀይር? እሑድ ኳስ አለ፤ እባካችሁ ድረሱልኝ።