አስቸኳይ፦ በአንድ ዓመት ሁለት የጎልፍ አሸናፊ ወጣብኝ

ቸኩዬ፦ ኧረ ድረሱልኝ! የአጉዋ ካሊዬንቴ ኦፕን አሸናፊዎችን ዓመት በኤክሴል ወደ እኛ አቆጣጠር ስቀይር 1923 ላይ ጂን ሳራዘንም ጆኒ ጎልደንም ገቡ። ማታ 2 ሰዓት አስረክባለሁ። በ1929ኙ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት የሞተ የአሜሪካ ውድድር ስለሆነ ብዙ አልተጻፈለትም።

ሙሉቀን፦ ከሁሉም 8 ቀንስ፣ ያልቃል።

አረንጓዴ ሜዳ፦ ወንድሜ፣ መነሻህ ራሱ ልክ አይደለም። ቦታው ሜክሲኮ፣ ቲኋና ነው። ገበያው የወደቀው ኦክቶበር 1929፤ ውድድሩ የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ጃንዋሪ 1930። የሽልማቱ ድምር 25,000 ዶላር ነበር፤ 10,000ውን ሳራዘን ወሰደ። ያኔ ለጎልፍ ተጫዋች እንዲህ ያለ ገንዘብ አይታሰብም ነበር! አሜሪካ መጠጥ ስለከለከለች ሀብታሙ ድንበር እየተሻገረ የአጉዋ ካሊዬንቴን ቁማር ቤትና ሆቴል ይሞላ ነበር። ኑሮው ሲከብድ ሽልማቱ አነሰ፤ በ1933 መጨረሻ የመጠጡ እገዳ ተነሣ፤ በ1935 ደግሞ የሜክሲኮው ፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ ቁማሩን አገዱ። ጎልፉ ግን ከዚያ በፊት ቆሟል።

የፍልውኃ ልጅ፦ ስሙ እኮ በስፓኒሽ «ሙቅ ውኃ» ነው። ፍልውኃ ኦፕን በሉት!

ሙሉቀን፦ 8 ቀንስ አልኩህ እኮ።

ባሕረ ሐሳብ፦ 8 ብቻ አይሆንም። ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ 8፣ ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ 7 ይቀነሳል፤ ቀጣዩ የፈረንጅ ዓመት ለ4 የሚካፈል ከሆነ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ውድድሩ ጃንዋሪ ላይ ስለሆነ፣ ሳራዘን 1922፣ ጎልደን 1923 (ጆርጅ ቮን ኤልምን በመለያ ጨዋታ ረትቶ)፣ ፍሬድ ሞሪሰን 1924፣ ፖል ራንያን 1925። አንተ ከሳራዘን 7፣ ከጎልደን 8 ቀንሰሃል። እገዳው ከተነሣበት ዲሴምበር 5፣ 1933 ላይ ግን 8 ብትቀንስ ይበላሻል፤ ኅዳር 26፣ 1926 ነው። የገበያው ውድቀትና የመጀመሪያው ውድድርም በእኛ ሁለቱም 1922 ውስጥ ይወድቃሉ፤ ወሩን ካልጻፍክ አንባቢህ የቱ እንደቀደመ አያውቅም።

ቸኩዬ፦ አምዱ ላይ ዓመት እንጂ ወር የለም!

ባሕረ ሐሳብ፦ እንግዲያው ቀመር ብቻውን አያድንህም። ከጎኑ የወር ቁጥር አምድ ጨምር። ያንተ ሰንጠረዥ ውስጥ ሴፕቴምበር ስለሌለ «ወሩ ከ9 ካነሰ 8፣ አለዚያ 7 ቀንስ» የሚለው ይበቃል። ባዶውን 1930 ወደ ቀን ቅርጽ እንዳትቀይረው፤ ኤክሴል ከ1900 መጀመሪያ 1930ኛውን ቀን ቆጥሮ ኤፕሪል 13፣ 1905 ያደርገዋል።

አረንጓዴ ሜዳ፦ ቸኩዬ፣ «የአሜሪካ ውድድር» ያልከውንም ሳታስረክብ አስተካክል።

ሙሉቀን፦ ጃንዋሪ ከሆነ 8 ነው ብያለሁ።