ሲስተም 32 እና ሲስዋው 64፦ አንዱን ላጥፋ?

የሳቢያን ኮፒ ቤቷ፦
ድሬዎች፣ እስኪ እርዱኝ። የምሠራበት ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10፣ 64 ቢት ነው። ሲ ድራይቩ ቀይ ሆኖ ከ118 ጊጋ 2 ጊጋ ብቻ ቀርቶኛል። ትናንት ደጅ ላይ ሦስት ሰው እየጠበቀኝ ፕሪንት አልወጣ ብሎ ቆመ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ብገባ ሲስተም 32 እና ሲስዋው 64 የሚባሉ አሉ፤ የውስጣቸው ፋይሎች ስም ብዙው አንድ ነው። የኔ 64 ከሆነ ባለ 32ቱን ባጠፋው ምን ይለኛል?

መጋላ ጥገና፦
አቦ እንዳትነኪው! ስሙ ነው ያሳሳተሽ። ነገሩ ግልብጥ ነው፦ ባንቺ ማሽን ላይ 64 ቢቶቹ ፋይሎች ያሉት ሲስተም 32 ውስጥ ነው፤ 32 ቢቶቹ ደግሞ ሲስዋው 64 ውስጥ። ብዙ ፕሮግራም «ሲስተም 32» የሚለውን አድራሻ በሆዱ ይዞ ስለተጻፈ ማይክሮሶፍት ስሙን ሳይነካ ውስጡን ቀየረው። የድሮ 32 ቢት ፕሮግራም ሲስተም 32ን ሲጠራ ዊንዶውሱ ራሱ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ሲስዋው 64 ይወስደዋል። ፕሮግራም ፋይልስም ሁለት የሆነው ለዚሁ ነው፤ ኤክስ 86 የሚለው የ32ቶቹ ነው።

ደግሞ ፕሪንት ስትዪ ሥራው ወረፋ የሚጠብቀው እዚያው ሲስተም 32 ውስጥ፣ ስፑል በሚባል ፎልደር ነው። ሲ ሲሞላ ወረፋ መያዣም የለም።

የሳቢያን ኮፒ ቤቷ፦
ወይ ጉዴ! ዊንኤስኤክስኤስ የሚለውስ? 9 ጊጋ ይላል።

ገንደ ቆሬ፦
እሱንም ተዪው። የዊንዶውስ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ሲስተም 32 ውስጥ የምታዪው ብዙው ፋይል እዚያ ካለው ጋር አንድ ነው፣ በሁለት ቦታ የተመዘገበ፤ ስለዚህ 9ኙ የተጋነነ ነው። በእጅሽ ሳይሆን ዲስክ ክሊንአፕ ከፍተሽ «ክሊንአፕ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ተጫኚ፤ የማይፈለገውን እሱ ለይቶ ያወጣዋል።

ደቻቱ ማዶ፦
እኔ ዊንዶውስ ፎልደርን አልጠረጥርም። ኮፒ ቤት አይደለሽ? ደንበኛው ሁሉ በቴሌግራም ነው የሚልክልሽ። ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚለውን እዪው። ከዚያ የቴሌግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ካሹን (ቴሌግራም ለጊዜው ብሎ የሚያጠራቅመውን ፋይል) አጥፊ፤ እሱ አፕዳታ የሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ በዓይን አይታይሽም።

የሳቢያን ኮፒ ቤቷ፦
ወላሂ እሱ ነው! ከዳውንሎድስ ብቻ 31 ጊጋ ወጣ። የማላውቀው ሰው ሙሉ የሠርግ ቪዲዮ ሳይቀር አለ፤ መታወቂያና ሲቪውማ አይቆጠርም። ፕሪንተሩ አሁን የትናንቱን እየተፋ ነው።