12 ቡድን የዞረው የሆኪ ተጫዋች፦ ልጄ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልስ አጣሁ

የኤድመንተኗ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ በሆኪ ፍቅር ከተለከፈ ሦስት ዓመት አለፈው። እኔ ያደግኩት ለእግር ኳስ በሚሞት ሰፈር ነው፣ በረዶ ላይ የሚሮጥ ሰው ያየሁት እዚህ ካናዳ ከመጣሁ በኋላ ነው። አሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ የበረዶ ሜዳው ዳር ቡናዬን ይዤ የምቆመው እኔው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የተጫዋቾች ካርዶቹን እያገላበጠ ማይክ ሲሊንጀር የሚባል ሰው አሳየኝ። በኤንኤችኤል፣ በትልቁ የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ፣ ለ12 ቡድን ተጫውቷል፣ ሪከርዱም የሱ ነው አለኝ። ከዚያ "እማ፣ እዚህም እዚያም የሚሰጡት ማንም ስላልፈለገው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በልቤ ያሰብኩት እሱኑ ነበር። እኛ ቤት አባቴ 30 ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ነው፣ ሥራ የሚቀያይር ሰው "አንድ ቦታ አይረጋም" ሲባል ነው የሰማሁት። የምታውቁ አስረዱኝ። የእንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች ኑሮ ምን ይመስላል?

ካልጋሪ ነኝ

እህቴ፣ ልጅሽን እንዲህ በይው፦ ያልተፈለገ ሰው ኤንኤችኤል ውስጥ 1,049 ጨዋታ አይጫወትም። ሲሊንጀር የሪጃይና ልጅ ነው፣ ሳስካችዋን። በ1989 ቡድኖቹ አዳዲስ ልጆችን በየተራ በሚመርጡበት ምርጫ ዲትሮይት በመጀመሪያው ዙር በ11ኛ ተራ መረጠው። ከዚያ 17 የውድድር ዘመን ተጫወተ፣ 240 ጎል አገባ፣ በ2009 ዳሌው እምቢ ሲለው አቆመ።

ግራ የሚያጋባሽ ከኳሱ ጋር ስታነጻጽሪው ይመስለኛል። በኳስ ተጫዋቹ ራሱ ካልተስማማ ዝውውሩ አይፈጸምም። እዚህ ግን ኮንትራቱ ላይ ያለ ፈቃዱ እንደማይለወጥ የሚል አንቀጽ ካላስገባ (እሱን ደግሞ በአብዛኛው የሚያገኙት ትልልቆቹ ናቸው) ስልክ ይደወልለታል፣ ከዛሬ ጀምሮ የሌላ ከተማ ተጫዋች ነህ ይባላል፣ አለቀ። ብዙውን ጊዜ የሚሰጣጡትም ገንዘብ አይደለም። ሰው በሰው ነው፣ ወይም ሰው ሰጥቶ የወደፊት የምርጫ ተራ መቀበል ነው። ከ12ቱ ቡድኖች ወደ 9ኙ የሄደው እንደዚህ በትሬድ ነው። ዲትሮይት መረጠው፣ ከኮሎምበስና ከኒውዮርክ አይላንደርስ ጋር ራሱ ወዶ ፈረመ። ሌላው ሁሉ የሌሎች ውሳኔ ነው።

ለምን እንደሚፈልጉት ደግሞ ልንገርሽ። የመሀል ተጫዋች ነበር። ዳኛው ፓኩን (የሆኪውን ጠፍጣፋ ኳስ) ሲጥል ቀድሞ የሚነጥቅ፣ ቡድኑ አንድ ሰው ተቀጥቶበት በጎደሎ ሲጫወት የሚከላከል ሰው። ይሄ ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ አያወጣም፣ ግን ማርች ላይ ለዋንጫ የሚታገል ቡድን ሁሉ ጓዳውን ሲያይ የሚጎድለው እንዲህ ያለ ሰው ነው። በ2005-06 በ34 ዓመቱ 32 ጎል አግብቷል፣ በሕይወቱ ከፍተኛው ነው። በዚያው ዓመት እንኳ ወቅቱ ሳያልቅ ከሴንት ሉዊስ ወደ ናሽቪል ሰጡት።

ሆቴል ሠራተኛው

ካልጋሪ ያልከው ልክ ነው ወንድሜ፣ ግን ነገሩን አናሳምረው። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ዲትሮይት በ1997፣ ታምፓ በ2004፣ አናሃይም በ2007 ስታንሊ ካፕን፣ የሊጉን ዋንጫ፣ አነሡ። እሱ አንዴም አላነሣም። ጁላይ 2003 ላይ ኮሎምበስ ለዳላስ ሰጠው፣ ዳላስ በዚያው ቀን ለፊኒክስ አሳለፈው። ለዳላስ አንድ ደቂቃ አልተጫወተም። ልጁ ኮል ደግሞ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ኮሎምበስ ነው የተወለደው። ገና የሁለት ወር ልጅ ይዞ ጓዝ መጠቅለል ምን ማለት እንደሆነ የወለደ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ከታችኛው ሊግ የሚጠሩ ተጫዋቾች እኛ ጋ ያርፉ ነበር። አንዱ ለሦስት ቀን ብሎ ገብቶ አምስት ሳምንት ተቀመጠ። ቤት እንዳይከራይ ነገ ሊመልሱት ይችላሉ፣ ሚስቱንና ልጁን እንዳያመጣ የት ያስቀምጣቸው። ጠዋት ሲወርድ "ዛሬም አለሁ" ይለኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ማታ ማታ ሎቢው ጥግ ተቀምጦ ለልጁ በስልክ ተረት ያነብለታል። አንድ ቀን ሥራ ስገባ ክፍሉ ተጠርጓል። ለመሰናበት ጊዜ አልሰጡትም። እኔ ሁለት አገር አልፌ እዚህ የደረስኩ ሰው ነኝ፣ ያቺ ሁልጊዜ በር ሥር የምትቀመጥ ሻንጣ ገብታኛለች።

አካውንታንቱ ከቶሮንቶ

የገንዘቡንም ነገር ጨምሩላት። በ2024-25 ኤንኤችኤል ውስጥ ዝቅተኛው ደሞዝ 775,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን ከላይና ከታች እየተመላለሰ የሚኖረው ተጫዋች ብዙ ጊዜ ሁለት ዋጋ ያለው ኮንትራት ነው ያለው፦ ላይ ሲጫወት አንድ ደሞዝ፣ ወደ ታችኛው ሊግ፣ ኤኤችኤል፣ ሲወርድ ሌላ፣ በጣም ያነሰ። የሚታሰበው ደግሞ በቀን ነው። ለኤድመንተን ሲጫወት የነበረ ልጅ ዛሬ ሲወርድ ነገ ካሊፎርኒያ፣ ቤከርስፊልድ ነው፣ አየሩም ደሞዙም ሌላ። ልምድ ያለው ከሆነ ደግሞ ከመውረዱ በፊት ዌቨር በሚሉት ዝርዝር ላይ ለሌሎች ቡድኖች ይለጠፋል፣ 24 ሰዓት ውስጥ የፈለገ ቡድን በምትኩ ተጫዋች ሳይሰጥ ይወስደዋል። ስለዚህ እህቴ፣ ልጅሽ ይጫወት፣ ትምህርቱን ግን አደራ።

ካልጋሪ ነኝ

ሆቴል ሠራተኛው፣ ያልከውን አልክድም። እኔም ቤተሰቡ የሚከፍለው ዋጋ ነው የሚከብደኝ። ግን መለወጥ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። የኛ ጃሮም ኢጊንላን እዩት፣ አባቱ ናይጄሪያዊ፣ የተወለደው እዚያው ኤድመንተን። በ1995 ልክ እንደ ሲሊንጀር በ11ኛ ተራ ነው የተመረጠው፣ የመረጠው ደግሞ ዳላስ ነው። ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወትላቸው ለካልጋሪ ሰጡት። እኛ ጋ ካፒቴን ሆነ፣ በ2020 ለሆኪ የክብር አዳራሽ ተመረጠ። ዳላስ ባይለውጠው ኖሮ አናገኘውም ነበር።

ስለ ኮል ደግሞ ቀሪውን ልጨርስልህ፦ በ2021 በ12ኛ ተራ የመረጠው ኮሎምበስ ነው። አባቱ የተለወጠበት፣ እሱ የተወለደበት ከተማ። በ18 ዓመቱ እዚያው ኤንኤችኤል ገባ።

የኤድመንተኗ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እራት ላይ አንድ በአንድ ነገርኩት። የዳላሷን ቀን ስነግረው ሹካውን አስቀምጦ "ማን ነው ለልጆቹ የነገራቸው?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ስለ ኮል ስነግረው ግን ተነሥቶ ሮጠ፣ የሲሊንጀርን ካርድ ከካርቶኑ ሥር አውጥቶ ደብተሩ ላይ ከኢጊንላ አጠገብ አስገባው። ሆቴል ሠራተኛው፣ ያ ልጁን ተረት የሚያነብለትን ሰውዬ ግን እስካሁን ከሐሳቤ አላወጣሁትም። በሉ ደህና እደሩ፣ የነገው ልምምድ ገና ሳይነጋ ነው፣ የጫማው ስለትም አልተሳለም።