ጋምቤላ፣ ለስደተኛ እናቶች የሚሆን ጊዜያዊ መጠለያ፦ እስቲ አማክሩኝ

ሚሚ አርክ፦ ሰላም ወገኖች። የመመረቂያ ሥራዬ ጋምቤላ ላሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ እናቶች ጊዜያዊ መጠለያ መንደፍ ነው። ያሰብኩት ለአንዲት እናት፣ ለአያትና ለአራት ልጆች ነው። አንድ ክፍል፣ 12 ካሬ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሸራ። አማካሪዬ «እዚህ ውስጥ አንቺ ታድሪያለሽ?» አለኝ። ምን ልቀይር?

ኢንጂነር ዘ፦ ስፋቱን ቀይሪ። ስፊር የሚባለው የእርዳታ ሥራ መመሪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ይላል፣ ያውም ማብሰያው ሳይቆጠር። ለስድስት ሰው 21 ካሬ ማለት ነው። ቆርቆሮውንም ተይው። መጋቢት ላይ ጋምቤላ ቆርቆሮ ሥር መዋል ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ ከሣሩ ሥር ላስቲክ፤ አለቀ። ሣር እሳት ስለሚወድ ግን በቤትና በቤት መካከል ከ2 ሜትር በታች እንዳታደርጊ፣ ቦታ ካለሽ ጨምሪበት።

ሶሻል ወርከሯ፦ ኧረ አላለቀም! ሣሩን ማን ያጭዳል? ሴቶቹ ናቸው። ጫካ ሲሄዱ ደግሞ የሚደፈሩ አሉ። ስለዚህ ሣሩም እንጨቱም በፕሮጀክቱ መኪና ይምጣ፣ በጀትሽ ውስጥ አስገቢው። ካምፕ ስሠራ እናቶቹ ቀድመው የሚያነሱት የበር ጉዳይ ነበር። ሸራ በምላጭ ይቀደዳል። ማታ ባትሪ ሲበራ ደግሞ ልብስ የምትቀይር ሴት ጥላዋ ውጭ ላለ ሁሉ ይታያል። የእንጨት በር፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ፣ ከውጭ ቁልፍ አድርጊለት፤ ውስጡንም በመጋረጃም ቢሆን ክፈዪው። ሽንት ቤቱ ከ50 ሜትር አይራቅ፣ እሱም ከውስጥ ይዘጋ።

የባሮ ልጅ፦ ስለ ውሃ ማንም አላነሳም እኮ። በ2006 ክረምት ሌችዎር ካምፕ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ስንቱ ሰው ተፈናቅሏል፣ በኋላ ወደ ጀዊ ካምፕ ነው የተወሰዱት። ወለሉን በአፈር ጠቅጥቀሽ ከፍ አድርጊው፣ ዙሪያውን ቦይ አውጪለት። ምሰሶው የሚቀበርበትን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ቀቢው፣ ያለዚያ ምስጥ ይጨርሰዋል።

ሚሚ አርክ፦ ተባረኩ! ማብሰያውን ውስጥ ላድርገው ወይስ ውጭ?

የባሮ ልጅ፦ ውጭ። ለብቻው ትንሽ ዳስ ሥሪለት፣ ነፋሱ ብልጭታውን ወደ ቤቱ በማይወስድበት በኩል። በዝናብም እንዲሠራ ጣሪያ ይኑረው፣ አለበለዚያ ክረምት ላይ ምድጃውን ቤት ያስገቡታል።