ስም ያጠፋች ሴት ተውበቷ (ንስሓዋ) በምን ይሞላል?

አሰላሙ ዐለይኩም። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። እህቴ ጣና ዳር ካለ ካፌ ሥራ አምሽታ በባጃጅ ስትመለስ ያየች ጎረቤት፣ ቡና ላይ «ዝሙተኛ ናት» ብላ አወራች። ወሬው እጮኛዋ ቤት ደረሰ፤ ኒካሑ ቀረ። አሁን ሱቅ ለመሄድ እንኳ ሰፈሩ ጭር እስኪል ትጠብቃለች።

ቁርኣን፣ ሱረቱል ኑር 24፡4 ጥብቅ ሴትን በዝሙት ከሶ አራት ምስክር ላላመጣ 80 ግርፋት ይደነግጋል፤ ምስክርነቱንም አትቀበሉ ይላል። ቀጣዩ አንቀጽ ተጸጽተው ሥራቸውን ያሳመሩትን ይለያል። ቅጣቱ የዳኛ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ስሟ እንዲጸዳ ብቻ ነው። ሽማግሌ ላክን። ሴትዮዋ ቤታችን መጥታ አልቅሳ «አፉ በሉኝ» አለች። ቡና ላይ ለሰሙት ግን ውሸት መሆኑን አልናገርም፣ አላህ ካወቀው ይበቃል ትላለች። ይሄ አልዋጥልህ አለኝ፤ ያወራችው ሰው ፊት ነው። በሰሙት ፊት ራሷ ሳታስተባብል ተውበቷ ይሞላል ወይ?