የእድራችንን መዝገብ ወደ ዌብ ገጽ ስለማዛወር፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። በ2016 የፒያሳው ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ አባሉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ጡሩምባ ቢነፋ ማን ይሰማል? መዝገቡ ግን ያው አንድ ነው፤ እሱም እኔ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ። ገጹ አባል ይመዝግብ፣ ያርም፣ ይፈልግ፣ ወርሃዊ መዋጮ ያስገባ። ሌላ ጌጥ አያስፈልገንም ባይ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ኤክሴሉ ምን ጎደለው? ስልክ ቁጥር ላይ የፊቷን ዜሮ ይበላል እንጂ ሌላ ነውር የለበትም።

ወጣት አባል (ፕሮግራመሯ)፦
እትዬ፣ ዜሮዋን የሚበላው ስልኩን እንደ ቁጥር ስለሚቆጥረው ነው። የገጹ መረጃ የሚከማችበት ዳታቤዝ ላይ እንደ ጽሑፍ ከተቀመጠ 09ም 07ም እንዳለ ይቆያል። የኤክሴሉ ጣጣ ሌላ ነው፦ እርስዎ ጋ አንድ ፋይል፣ ጋሼ ጋ ሌላ ፋይል። በየትኛው እንመን?

ዳታቤዙን በማይኤስኪውኤል፣ ገጹን በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ እንሥራው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። የዳታቤዝ የቀን ዓምድ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። ጳጉሜን 3 ብትሉት 13ኛ ወር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብታስገቡ ፌብሩዋሪ መስሎት «30 ቀን የለውም» ብሎ ይመልሰዋል። እሱስ ደግ፣ ቢያንስ ይጮኻል። መስከረም 5ን 5/1 ብትሉት ግን ጃንዋሪ 5 አድርጎ ዝም ብሎ ይውጠዋል! ስለዚህ ሰው የሚያየው የእኛ ቀን ይሁን፤ ገጹ ራሱ ቀይሮ ያስቀምጠው።

ምክትል ሰብሳቢ፦
ስምስ? አንዷን ሴትዮ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ሁለት ጊዜ መዝግቧታል። ሁለት መዋጮ ይጠየቅባታል።

ወጣት አባል፦
ለፍለጋ ብቻ አንድ የተደበቀ ዓምድ እጨምራለሁ። እዚያ ሐም ኀም ሃም ሀ ይሆናሉ፤ ፀ ጸ፣ ሠ ሰ፣ ዐ አ። የሚታየው ስም ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆያል። ሳጥኑም ሦስት ይሁን፦ ስም፣ የአባት፣ የአያት። ከውጭ የሚመጣው ቅጽ የቤተሰብ ስም እያለ ያደናግረናል።

ሰብሳቢ፦
ልጄ፣ ያሳየሽን «ሰርዝ» የሚለው ቁልፍ አልተዋጠልኝም። ሰውዬው ቢያርፍ ሚስቱ በቦታው ትቀጥላለች። የከፈለው ሁሉ አብሮት ሊጠፋ ነው?

ወጣት አባል፦
ልክ ነዎት ጋሼ። ቁልፉ ይወጣል። በምትኩ «ንቁ»፣ «የለቀቀ»፣ «ያረፈ» የሚል ዓምድ ይኖራል። ማን መቼ ምን እንዳረመም ይመዘገባል። አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉ መስጠት ደግሞ የለም፤ ለእያንዳንዱ የራሱ።

ጸሐፊ፦
የፋይዳ ቁጥር እንጠይቅ?

ምክትል ሰብሳቢ፦
ለቀብር ምን ያደርግልናል? አዋጅ 1321/2016 የግል መረጃ በያዘው ላይ ኃላፊነት ይጥላል። የማንፈልገውን አንያዝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሁን። ግን የወረቀት ደረሰኙ አይቀርም። ደግሞም እስከ ሰኔ ድረስ መዝገቡና ገጹ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ በየወሩ ድምሩን እኔ ራሴ አስተያያለሁ። ይህ ካልተጻፈ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦
ተጽፏል እትዬ፣ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለፊርማ አመጣዋለሁ።