አስቸኳይ፦ መልቀቂያ ደብዳቤ እስከ ሰኞ እንዴት ላግኝ? (ደቡብ ኮሪያ፣ እንግሊዝኛ መምህርት)

የአሌክሳንድሪያዋ | ዓርብ ኦገስት 8፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ኮሪያ ያላችሁ ወይም የነበራችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዛሬ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ጠርታኝ የተማሪ ቁጥር ስለቀነሰ ሥራዬ ኦገስት 22 እንደሚያበቃ ነገረችኝ። የምኖርበት ቤት የሃግዎኑ (የማስተምርበት የግል ማስጠኛ ተቋም) ስለሆነ በ24 መልቀቅ አለብኝ። ኢንቾን የሚገኝ ሌላ ሃግዎን ሊቀጥረኝ ተስማምቷል፤ ነገር ግን መልቀቂያ አምጪ ይለኛል። እሷ ደግሞ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ይህን እስከ ሰኞ ፈርመሽ ካመጣሽ መልቀቂያሽን በዚያው ቀን እሰጥሻለሁ፤ ካልፈረምሽ ቪዛሽን አሰርዛለሁ፣ በ14 ቀን ውስጥ ከአገር ትወጫለሽ» አለችኝ። ብፈርምላት ደብዳቤውን በእርግጥ ትሰጠኛለች? ወይስ መጀመሪያ ደብዳቤውን ተቀብዬ ልፈርም? ቅዳሜና እሁድ ኢሚግሬሽን ዝግ ነው። ምን ላድርግ?

ከቡሳን ወደብ | ከምሽቱ 3፡52

አይዞሽ እህቴ። ከቡሳን በመርከብ ወደ ፉኩኦካ ተሻገሪ። አዲሱ አሠሪሽ የቪዛ ቁጥር ያስወጣልሻል፤ ጃፓን ካለው የኮሪያ ቆንስላ አዲስ ቪዛ አስመትተሽ ትመለሻለሽ። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

ሐይቅ ዳር | ከምሽቱ 3፡58

ቆይ፣ ማንም ከመምከሩ በፊት ጥቂት ነገር ንገሪን። ፓስፖርትሽ የየት አገር ነው? ቪዛሽ ኢ-2 (የቋንቋ መምህራን ቪዛ) ነው? ውሉ የተጀመረው በስንተኛው ቀን ነው? ወረቀቱስ በምን ቋንቋ ተጻፈ? ሁሉም ነገር በቀኑ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

የአሌክሳንድሪያዋ | ከምሽቱ 4፡05

ይቅርታ፣ ተጨንቄ ዋናውን ዘለልኩት። የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ኢ-2 ቪዛ። ውሌ ከሴፕቴምበር 2፣ 2024 እስከ ሴፕቴምበር 1፣ 2025 ነው። ደመወዜ በወር 2.4 ሚሊዮን ዎን። የምሠራው ሱዎን ነው። ወረቀቱ በኮሪያኛ ነው፤ ፊደሉን እቆጥራለሁ እንጂ ትርጉሙን አላውቅም። ርዕሱ «ሳጂክሶ» ይላል። ፎቶውን አያይዣለሁ።

ጠመኔ | ከምሽቱ 4፡20

ልጄ፣ ይህን የምጽፈው በሁለት ከተማ ለዘጠኝ ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ነው። ወጣቶቻችን ውል ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ ችግር ሲመጣ ነው ወረቀቱን ከሻንጣ ሥር የሚፈልጉት። ኢ-2 ቪዛ ከአሠሪ ጋር የታሰረ ቪዛ ነው። የውጭ ዜጋ መታወቂያ ካርድሽ ላይ የተመዘገበው የሱዎኑ ሃግዎን እስከሆነ ድረስ ኢንቾን ሄደሽ አንድ ሰዓት እንኳን ብታስተምሪ ሕገ ወጥ ሥራ ይባላል፤ የሚቀጣውም ቀጣሪው ብቻ ሳይሆን አንቺም ነሽ። «ለሙከራ ያህል ግቢ» ቢሉሽ እንዳትሞክሪው። በቤት ውስጥ የግል ተማሪ ይዞ ማስጠናትም እንደዚያው ነው። ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አሠሪ ለመዛወር የቀድሞው አሠሪ ስምምነት ይጠየቃል፤ ውሉ በሙሉ ካለቀ ግን አይጠየቅም። ይህን ሁሉ ከመምጣትሽ በፊት ማወቅ ነበረብሽ። እኛ በመጣንበት ዘመን አንዱ ለሌላው በደብዳቤ እየጻፈ ያስረዳ ነበር፤ አሁን ሰው የሚጠይቀው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ከቡሳን ወደብ | ከምሽቱ 4፡26

ለዚህ እኮ ነው ፉኩኦካ ያልኩት።

ሐይቅ ዳር | ከምሽቱ 4፡41

እህቴ፣ አትፈርሚ። ፎቶውን አንብቤዋለሁ።

አማርኛችን እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ሁለቱንም «መልቀቂያ» እንላቸዋለንና። አንቺ የምትፈልጊው አሠሪ የሚሰጠውን፣ ወደ ሌላ ቦታ መዛወርሽን ተስማምቻለሁ የሚልበትን ደብዳቤ ነው፤ ኮሪያኖቹ «ኢጆክ ዶንግዊሶ» ይሉታል። እሷ የሰጠችሽ «ሳጂክሶ» ነው። ሳጂክሶ ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ ሥራ መልቀቁን የሚገልጽበት ማመልከቻ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ «ጌኢን ሳጆንግ» የሚል አለ፤ «በግል ጉዳይ ምክንያት» ማለት ነው። ከታች ያለው ቀን በእጅ የሚሞላ አይደለም፣ ታትሞ የመጣ ነው፤ ኦገስት 22 ይላል። ከውልሽ ማብቂያ ቁጠሪው፤ አሥር ቀን ይጎድላል።

በኮሪያ ሕግ አንድ ሙሉ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ አለው፤ ለእያንዳንዱ ዓመት የ30 ቀን አማካይ ደመወዝ። ለአንቺ ወደ 2.4 ሚሊዮን ዎን ማለት ነው። አንድ ዓመት ካልሞላ ምንም የለም። በ11ኛው ወር ላይ «ተማሪ ቀነሰ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሃግዎን ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል።

ሌላም አለ። አሠሪ ሠራተኛ ሲያሰናብት 30 ቀን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ወይም የ30 ቀን ደመወዝ መክፈል አለበት፤ በሠራተኛ ሕጉ አንቀጽ 26 የተጻፈ ነው፣ ከሦስት ወር በላይ የሠራን ሁሉ ይመለከታል። ዛሬ ያስጠነቀቀችሽ ቢሆን እንኳን 30 ቀኑ የሚያልቀው ከሴፕቴምበር 1 በኋላ ነው። ሳጂክሶውን ከፈረምሽ ግን ያሰናበተሽ ሰው የለም፤ ራስሽ ነሽ የለቀቅሽው። ክፍያውም ክርክሩም አብሮ ይሄዳል።

ሰምና ወርቅ | ከምሽቱ 5፡03

በዚህ ሐሳብ አልስማማም። ሐይቅ ዳር የጻፈው ሕግ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በሰው አገር ሕግ ማወቅና ሕግ ማስፈጸም የተለያዩ ናቸው። ልጅቷ አዲስ ሥራ ይዛለች፤ የኢንቾኑ ቀጣሪ ደግሞ ተከራክራ እስክትጨርስ አይጠብቃትም። ትፈርም፣ ደብዳቤዋን ትቀበል፣ ትሂድ። 2.4 ሚሊዮኑን በአንድ ወር ሥራ ትተካዋለች። ጠያቂዋም የጠየቀችው ደብዳቤውን እንዴት እንደምታገኝ እንጂ እንዴት እንደምትከስ አይደለም።

ሐይቅ ዳር | ከምሽቱ 5፡15

የጠየቀችው ራሱ ነው የተሳሳተው። የኢንቾኑ ሥራ ከሴፕቴምበር 1 በኋላ የሚጀምር ከሆነ ውሏ አልቆ ነው የምትሄደው፤ ያኔ የማንም ስምምነት አያስፈልጋትም። እህቴ፣ አዲሱ ሥራ መቼ ይጀምራል?

የአሌክሳንድሪያዋ | ከምሽቱ 5፡19

ሴፕቴምበር 8።

ዘንባባ | ከምሽቱ 5፡21

ብዕርሽን በፖስታ ላኪልኝ፤ እስከ ሴፕቴምበር 2 እኔ ዘንድ ይቀመጥ!

የአሌክሳንድሪያዋ | ከምሽቱ 5፡34

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሳነበው አለቀስኩ። የገረመኝን ልንገራችሁ፤ ስቀጠር ቤተሰቦቼ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ስነግራት ቃኘው ሻለቃን በስሙ ጠርታ እጄን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችኝ። እናቴ ስልክ ላይ ሆና ሰምታ እልል ብላ ነበር። ዛሬ ዓይኔን አላየችም፤ ወረቀቱን ስትገፋልኝ ስቴፕለሩን ነበር የምታየው።

ግን ቪዛዬን ብታሰርዝስ? ሌላም ጥያቄ አለኝ፦ የደመወዝ ወረቀቴ ላይ የሚቆረጠው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የሚሠሩ ጓደኞቼ ጡረታና የጤና መድን ይቆረጥባቸዋል። ለምን ተለየሁ?

ሐይቅ ዳር | ከምሽቱ 5፡58

ቪዛ የሚሰርዘው ኢሚግሬሽን ነው፣ አሠሪ አይደለም። አሠሪ ግዴታው ሠራተኛው ሲለቅ በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ነው። አንቺ ደግሞ ኢሚግሬሽን ቀርበሽ የራስሽን ማስረዳት ትችያለሽ። ዛሬ ሌሊት ሃይ ኮሪያ የሚባለው የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ገብተሽ ቀጠሮ ያዢ፤ ቀጠሮ ቶሎ ይሞላል፣ የሱዎን ቢሮ ደግሞ ሁልጊዜ የተጨናነቀ ነው። ሰኞ ጠዋት 1345 ደውዪ፤ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ያገናኙሻል። በውሉ ማብቂያና በአዲሱ ሥራ መካከል ክፍተት ቢፈጠር ዲ-10 የሚባል የሥራ መፈለጊያ ቪዛ አለ፤ ስለ እሱም ጠይቂ።

3.3 በመቶው ከሁሉም በላይ ነው የጠቀመሽ። ያ ቁጥር ለግል ተቋራጭ የሚቆረጥ ግብር ነው። ሃግዎኑ አንቺን እንደ ሠራተኛ ሳይሆን ራስዋን ችላ አገልግሎት እንደምትሸጥ ሰው አድርጎ መዝግቦሻል ማለት ነው፤ ስለዚህ የጡረታ ድርሻውን አልከፈለም። ነገር ግን የምትገቢበትንና የምትወጪበትን ሰዓት እነሱ ይወስናሉ፣ መጽሐፉን እነሱ ይሰጣሉ፣ ቤቱን እነሱ ሰጥተዋል። የሠራተኛ ቢሮው የሚያየው ይህን እንጂ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም። 1355 (ብሔራዊ የጡረታ ተቋም) ደውለሽ በስምሽ የገባ ገንዘብ ካለ ጠይቂ። አሜሪካዊ ኮሪያን ለቆ ሲወጣ የጡረታውን ገንዘብ፣ የአሠሪውን ድርሻ ጨምሮ፣ ጠቅልሎ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ያልተከፈለው የአንቺ ገንዘብ ነው።

ጠመኔ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ትናንት ተቆጣሁ፤ ይቅር በይኝ ልጄ። የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ሰኞ ብቻሽን አትግቢ ብዬ ነበር ልጽፍ፣ ግን ብቻሽን መግባትሽ አይቀርም። ስለዚህ ስልክሽን ቅጂ ላይ አድርገሽ ግቢ፤ ራስሽ የምትነጋገሪበትን ንግግር መቅዳት በኮሪያ አይከለከልም። «ኦገስት 22 የመጨረሻ ቀንሽ ነው» ያለችውን በካካዎ ቶክ (በስልክ የመልእክት መለዋወጫው) ጽፈሽ «ትክክል ነው የተረዳሁት?» ብለሽ ጠይቂያት። በጽሑፍ ስትመልስ ያሰናበተችሽ እሷ መሆኗ ተመዘገበ። ወደ ሥራ መሄድሽን አታቋርጪ፤ አንድም ቀን። ቀርተሽ ብትገኚ «ጥላ ሄደች» ይሉሻል። የመጀመሪያውን ውል፣ የባንክ መግለጫሽን፣ የሥራ ሰዓት ሰሌዳሽን ፎቶ አንሺ፤ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ከሆነ ሰኞ ከመነጋገርሽ በፊት አንሺው። ሃግዎኑ ውስጥ ስንት ሠራተኛ እንዳለም ቁጠሪ። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ «ያለ በቂ ምክንያት ተሰናበትኩ» ብለሽ በሦስት ወር ውስጥ ለሠራተኛ ግንኙነት ኮሚሽን ማመልከት ትችያለሽ። ከአምስት በታች ከሆኑ ያ በር ዝግ ነው፤ ማስጠንቀቂያውና የስንብት ክፍያው ግን ያኔም መብትሽ ነው።

አዲስ ተመራቂ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ይቅርታ ጉዳዩን ላቋርጥና፣ እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ዲግሪ አለኝ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይህን ቪዛ ማግኘት ይቻላል? አንድ ደላላ ይቻላል ብሎኛል።

ጠመኔ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡44

አይቻልም ልጄ። ኢ-2 ለእንግሊዝኛ መምህርነት የሚሰጠው ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለእንግሊዝ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ ዜጎች ነው። ለደላላው አንድ ብር እንዳትሰጥ።

ፀሐይ ከዱባይ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡15

እዚህ ከ2022 ወዲህ ውሉ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ፣ ከ30 እስከ 90 ቀን፣ ሰጥቶ መልቀቅ ይቻላል። ኮሪያ ይህን ያህል የሚያስቸግር አይመስለኝም ነበር።

ከቡሳን ወደብ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡00

የፉኩኦካውን ሐሳብ አንስቻለሁ። ውሏ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት እንደቀረው አላየሁም ነበር። እኔ የሄድኩት ካርዴን መልሼ ከወጣሁ በኋላ ነው። እሷ ካርዷን መመለስ የለባትም።

ሰምና ወርቅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሴፕቴምበር 8 መሆኑን ካወቅሁ እኔም ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። አትፈርሚ። የቤቱን ነገር ግን ማንም አላነሳውም። በ24 ውጪ ብትልሽ የት ታድሪያለሽ? እኔ አንያንግ ነኝ፤ ባለቤቴና ሁለት ልጆች አሉ፣ አንድ ክፍል ባዶ ነው። በግል መልእክት ጻፊልኝ።

የአሌክሳንድሪያዋ | ሰኞ ኦገስት 11፣ ከምሽቱ 2፡50

አልፈረምኩም። «የሚያነብልኝ ሰው እየፈለግሁ ነው» አልኳት። ዝም ብላ ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና «ነገ እንነጋገር» አለች። በካካዎ ቶክ የላክሁትን አንብባዋለች፣ አልመለሰችም። ከእኔ ጋር ሰባት ሠራተኞች ነን፣ የአውቶብስ ሹፌሩን ጨምሮ። 1355 ደወልኩ፤ በስሜ የገባ አንድ ዎን የለም። ኢሚግሬሽን ለ20 ቀጠሮ አገኘሁ። ሰምና ወርቅ፣ ጽፌልሃለሁ። ነገ የሚሆነውን እነግራችኋለሁ።

ሐይቅ ዳር | ረቡዕ ኦገስት 13፣ ከጠዋቱ 3፡05

ምን አለችሽ?

ጠመኔ | እሁድ ኦገስት 24፣ ከምሽቱ 1፡30

ልጄ፣ ዛሬ 24 ነው። ቤት ውስጥ ነሽ?

ዘንባባ | ሴፕቴምበር 9፣ ከምሽቱ 3፡12

ትናንት ኢንቾን ጀምረሽ ይሆን? ብዕሩ አሁን ይመለስልሽ።

የጓንግጁዋ | ፌብሩዋሪ 3፣ 2026፣ ከምሽቱ 4፡48

ይህን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእኔ ውል የሚያልቀው ፌብሩዋሪ 28 ነው። ዛሬ ከሰዓት ያው ወረቀት፣ ያው «ጌኢን ሳጆንግ»፣ ከታች ፌብሩዋሪ 20 የሚል ቀን ታትሞበት ተሰጠኝ። የእኛ ሃግዎን ግን አራት ሠራተኛ ብቻ ነው ያለው። ሐይቅ ዳር፣ ጋሼ ጠመኔ፣ አሁንም እዚህ አላችሁ?